የዋስትናው ዘመን ያለፈ ስልክ ሲታመም

ሰው ሲታመም ሐኪም ይጠራለታል፤ ጣራ ሲያፈስ ቆርቆሮ መቺ ይፈለጋል፤ ጫማ ሲቀደድ ጫማ ሰፊ ዘንድ ይወሰዳል። ይህ ሁሉ ደንቡ ከጥንት የታወቀ ስለ ሆነ ማንም አይደናገርበትም። የእጅ ስልክ የታመመ እንደ ሆነ ግን፣ ይልቁንም ሻጩ የሰጠው የዋስትና ዘመን ካለፈ በኋላ የታመመ እንደ ሆነ፣ የተማረውም ያልተማረውም እኩል ግራ ሲጋባ እናያለን። አንዱ «ጣለውና ሌላ ግዛ» ይላል፤ ሁለተኛው «እኔ የማውቀው ልጅ አለ፣ በአምስት ደቂቃ ይሠራልሃል» ይላል፤ ሦስተኛው ደግሞ «ሩዝ ውስጥ ቅበረው» ብሎ ይመክራል። ባለስልኩም ሦስቱንም ምክር በየተራ ሞክሮ፣ ገንዘቡንም ጊዜውንም ከጨረሰ በኋላ ሌላ ስልክ ለመግዛት ብድር መፈለግ ይጀምራል።

ስለዚህ ጉዳይ ዛሬ ለመጻፍ ያነሣሣን በቅርብ ጊዜ በቤታችን የደረሰ ነገር ነው። ነገሩ ትንሽ ቢመስልም፣ ትምህርታቸውን በስልክ ለሚከታተሉ ተማሪዎችና ከደመወዛቸው ቆጥበው ስልክ ለሚገዙ ወጣት የመንግሥት ሠራተኞች ይጠቅማል ብለን ስላመንን፣ ያየነውንና የተማርነውን ሳንደብቅ እናካፍላለን።

አሥራ ሁለት ሸማኔዎች በአንድ ስልክ ውስጥ

የእህታችን ልጅ በዩኒቨርሲቲ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነው። ለመመረቂያው የሚያዘጋጀው ጥናት ስለ ሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች ሲሆን፣ ሦስት ወር ሙሉ ወደ እንጦጦ ግርጌ እየተመላለሰ ከአሥራ ሁለት ሸማኔዎች ጋር ያደረገውን ጭውውት በእጅ ስልኩ ቀርጾ አስቀምጦ ነበር። ከእነዚህም አንዱ ሽማግሌ ሥራቸውን ለልጃቸው አስረክበው ወደ ትውልድ አገራቸው ወደ ጋሞ ተመልሰዋል። ጥናቱ ሊቀርብ ሦስት ሳምንት ሲቀረው፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ልጁ ፊቱ እንደ ለቀስተኛ ጠቁሮ መጣና፣ «ጋሼ፣ ስልኬ ሞተ» አለን።

ነገሩን ብንመረምር ማታ ቻርጅ ላይ ሰክቶት ተኝቶ፣ ጧት ሲነሣ ጠፍቶ አግኝቶታል። ቁልፉን ቢጫነው፣ ሌላ ገመድ ቢሰካው ምንም ብርሃን አልታየበትም። «ከዚህ በፊት ምልክት አላሳየህም ወይ?» ብለን ብንጠይቀው አሳይቶት ኖሯል። ስልኩ በተገዛ በአሥራ አንደኛው ወር ያለ ምክንያት እየጠፋ ይነሣ ጀመር፤ ባትሪው 40 ከመቶ እያሳየ ድንገት ይዘጋ ነበር፤ የጀርባው ክዳንም በአንድ ጠርዙ በኩል ጥቂት ከፍ ብሎ ነበር። እርሱ ግን «አሁን ፈተና ላይ ነኝ፣ በኋላ አሳየዋለሁ» እያለ ሲያስተላልፍ፣ የአሥራ ሁለት ወሩ ዋስትና ካለፈ ሰባት ሳምንት ሆነው።

እንግዲህ የመጀመሪያው ትምህርት ከዚህ ይነሣል። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለእንዲህ ያለው ነገር ነው። ስልኩ የመጀመሪያውን ምልክት ባሳየ ቀን ደረሰኙ ይዞ ወደ ሻጩ ቢሄድ ኖሮ ጥገናው ያለ ዋጋ በተሠራለት ነበር። ዋስትና ማለት የቀን መቁጠሪያ ያለው ቃል ኪዳን ነውና፣ ጉድለቱ በዘመኑ ውስጥ መታየቱ ብቻ አይበቃም፤ በዘመኑ ውስጥ ለሻጩ መነገሩና የተነገረበትም ቀን በጽሑፍ መያዙ ያስፈልጋል።

ሦስት በሮች አንኳኳን

በመጀመሪያ የሄድነው ከመንገድ ዳር ወዳለ አንድ ትልቅ የሞባይል መደብር ነው። ልጁን የተቀበለው ወጣት ስልኩን በእጁ አገላብጦ አየና፣ ሳይከፍተው፣ በመሣሪያም ሳይለካው፣ «ቦርዱ ተቃጥሏል። ይህን ከማሠራት አዲስ ብትገዛ ይሻልሃል፤ እኛ ለመለዋወጫ እንወስድልሃለን» አለው። ያቀረበለት ዋጋ ከአዲሱ ስልክ ዋጋ ሃያኛውን እንኳ አያህልም። እኛም አመስግነን ወጣን። ሐኪም የልብ ምት ሳያዳምጥ «በሽተኛው ሞቷል፣ ልብሱን ልግዛው» ቢል ማን ያምነዋል? «ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል» የሚባለው ተረት ትዝ አለን።

ሁለተኛው የስልኩ ፋብሪካ ወኪል ወደ ሆነው የጥገና ማዕከል ነበር። እዚያ ያሉት ሠራተኞች በጨዋነት ተቀበሉን፤ ተራ ቁጥር ሰጡን፤ ደረሰኝ ጠየቁ። ዋስትናው ማለፉን ከመዝገባቸው አይተው፣ በደንባቸው መሠረት ዋናውን ቦርድ በሙሉ ለመለወጥ እንደሚችሉ፣ ዋጋውም ከአዲሱ ስልክ ዋጋ ከግማሽ በላይ እንደሚሆን ነገሩን። ልጁ «በውስጡ ያለው ድምፅስ?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ቦርዱ ሲለወጥ በውስጡ ያለው ሁሉ አብሮ እንደሚሄድ ገለጹለት። ይህ እውነት ነው። ያለፉት ጥቂት ዓመታት ስልኮች በውስጣቸው የሚያስቀምጡትን ሁሉ በምስጢር ቁልፍ ይቆልፋሉ፤ ቁልፉም ከዚያው ቦርድ ጋር የተሳሰረ ስለ ሆነ፣ ማስታወሻውን ብቻ ነቅሎ በሌላ ስልክ ላይ ማንበብ አይቻልም። ስለዚህ ቦርዱን መጣል ማለት ለልጁ አሥራ ሁለቱን ሸማኔዎች መጣል ነበር።

በሦስተኛው ቀን አንድ የሥራ ባልደረባችን የነገረን ትንሽ ጥገና ቤት ገባን። ቤቱ ከአንድ ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ያለች ጠባብ ክፍል ናት፤ ጠረጴዛው ላይ አጉሊ መነጽር፣ የብየዳ ብረት፣ የኤሌክትሪክ መለኪያና ኃይል መስጫ መሣሪያ ተደርድሯል። ጠጋኙ በመጀመሪያ የሠራው ነገር መጠየቅ ነው፦ «ወድቆ ያውቃል? ውኃ ነክቶታል? ሌላ ሰው ከፍቶታል?» ከዚያም በፊታችን ከፈተው። ባትሪው እንደ ትራስ ተነፍቶ፣ የቻርጅ መስመሩን የሚያገናኘውን ቀጭን ገመድ ገፍቶ አላቆታል። ባትሪውን በጥንቃቄ አውጥቶ ለብቻው አስቀመጠና፣ ከጠረጴዛው መሣሪያ ለቦርዱ በቀጥታ ኃይል ሰጠው። ከጥቂት ቆይታ በኋላ ስክሪኑ በራ።

«ጋሼ፣ ስልኩ አልሞተም፤ የሞተው ባትሪው ነው» አለን። ልጁ ያን ጊዜ የተነፈሰውን ትንፋሽ እኛ ነን የምናውቀው። ጠጋኙ ግን ወደ ባትሪ መለወጡ አልቸኮለም። «አስቀድመህ ያለህን ሁሉ ገልብጥ፤ እኔም ሰው ነኝ፣ እጄ ሊሳሳት ይችላል» ብሎ ልጁን አስቀመጠው። ባትሪውና የቻርጅ ገመዱ ተለውጠው የከፈልነው ዋጋ፣ ማዕከሉ ከጠየቀን ከአምስት አንዱን አያህልም።

ይህን ስንል ወኪሉ ሁልጊዜ ውድ፣ ትንሹ ጥገና ቤት ሁልጊዜ ታማኝ ነው ለማለት አይደለም። ከሦስቱ በሮች የተማርነው፣ ከዋጋው በፊት የሚጠየቀው የምርመራው መንገድ መሆኑን ነው። ያልተከፈተ ስልክ ላይ የሚነገር ፍርድ ፍርድ አይደለም።

ባትሪ ለምን ያብጣል?

ዛሬ በእጅ ስልኮች ውስጥ ያለው ባትሪ ሊቲየም አዮን የሚባለው ዓይነት ነው። ይህ ባትሪ እንደ ሻማ ሳይሆን እንደ ላስቲክ ነው፤ በተሳበና በተለቀቀ ቁጥር ጥቂት በጥቂት ይላላል። ለምሳሌ የአፕል ኩባንያ ስለ አይፎን 14ና ከእርሱ በፊት ስለ ነበሩት ስልኮቹ ሲገልጽ፣ ባትሪያቸው 500 ጊዜ ሙሉ በሙሉ ተሞልቶ ካለቀ በኋላ ከመጀመሪያው አቅሙ 80 ከመቶውን እንዲይዝ ሆኖ የተሠራ ነው ይላል፤ ከአይፎን 15 ወዲህ ላሉት ግን ቁጥሩን ወደ 1000 ከፍ አድርጎታል።

እንግዲህ አንባቢው ራሱ ያስላው። በየቀኑ አንድ ሙሉ ባትሪ የሚጨርስ ሰው 500ኛው ቀን የሚደርስበት አንድ ዓመት ከአራት ወር ተኩል ያህል ሲሆነው ነው። የብዙዎቹ ስልኮች ዋስትና ግን በአንድ ዓመት ያበቃል። ባትሪው የሚደክመው ዋስትናው በተዘጋ በጥቂት ወር ውስጥ ነው ማለት ነው። ስለዚህ ዋስትናው ካለፈ በኋላ የሚታየው ሕመም ብዙውን ጊዜ እርጅና እንጂ ሞት አይደለም፤ ባትሪ መለወጥም እንደ መኪና ጎማ መለወጥ የሚጠበቅ ወጪ ነው።

ያረጀ ወይም ብዙ ሙቀት ያገኘው ባትሪ በውስጡ ጋዝ ይፈጥራል፤ እብጠቱም ይኸው ነው። ያበጠ ባትሪ በእሳት ሊያያዝ ስለሚችል ቻርጅ ማድረግ፣ መጫን፣ በመርፌ መውጋት ፈጽሞ አይገባም። ስልኩን አጥፍቶ ከትራስና ከመጋረጃ አርቆ ማስቀመጥ፣ ወዲያውም ወደ ጠጋኝ መውሰድ ይገባል። ስልክን ትራስ ሥር አድርጎ እየሞሉ መተኛትም መቅረት ያለበት ልማድ ነው።

ከቤት ሳይወጡ የሚደረግ ምርመራ

ጠጋኝ ዘንድ ከመሄድ በፊት በቤት ሊፈተኑ የሚገባቸው ነገሮች አሉ። ስልኩ አልሞላ ካለ አስቀድሞ ገመዱንና ቻርጀሩን በሌላ መሞከር ነው። ቀጥሎ የቻርጅ ቀዳዳውን በብርሃን ማየት ነው፤ በኪስ ውስጥ የሚሰበሰበው የልብስ ብናኝ ገመዱ እንዳይገባ ይከለክላልና፣ ስልኩን አጥፍቶ በደረቅ የእንጨት ስንጥር ቀስ ብሎ ማውጣት ይቻላል። መርፌና ሽቦ ግን ውስጡን ያበላሻሉ።

ስልኩ የሚዘገይና የሚንቀራፈፍ እንደ ሆነ ማስቀመጫው ሞልቶ እንደ ሆነ ይታይ፤ አዲስ የተጫነ ፕሮግራም ካለ ይነሣ፤ የሶፍትዌር ማሻሻያ የቀረ እንደ ሆነ ይጫን። ሁሉንም አጥፍቶ እንደ አዲስ መጀመር የመጨረሻው እርምጃ ነው፤ ይህም ያለው ሁሉ ወደ ሌላ ቦታ ከተገለበጠና የመክፈቻ አካውንቱ የይለፍ ቃል በትክክል ከታወቀ በኋላ ብቻ ይደረግ። የይለፍ ቃሉን የረሳ ሰው ስልኩን ካጠፋ በኋላ ስልኩ ራሱ «ባለቤቴ አይደለህም» ብሎ ይዘጋበታልና።

ውኃ ውስጥ የወደቀ ስልክ ወዲያው ይጠፋ፤ ሲም ካርዱ ይውጣ፤ ቻርጅ ላይ አይሰካ። ስለ ሩዙ ምክር ግን የአፕል ኩባንያ ራሱ፣ የሩዙ ብናኝ ስልኩን ሊጎዳ ስለሚችል እንዳይደረግ ለደንበኞቹ ይመክራል። ስልኩን የሚገድለው ውኃው ብቻ ሳይሆን፣ ውኃው ትቶት የሚሄደው ጨውና ዝገት ነው። ይህን ሩዝ አይመጠውም፤ ጠጋኝ ከፍቶ በአልኮል ያጥበዋል። ስለዚህ በሩዝ ውስጥ የሚያልፈው ሦስት ቀን ለዝገቱ የተሰጠ የዕረፍት ጊዜ ነው።

ለጠጋኝ የሚቀርቡ ጥያቄዎች

ጠጋኝ ዘንድ ሲደርሱ ማፈር አይገባም። «ችግሩ ምን እንደ ሆነ በምን አወቅህ?» ብሎ መጠየቅ የባለንብረቱ መብት ነው። ስልኩ በፊት ለፊት እንዲከፈት፣ የወጣውም አሮጌ ዕቃ እንዲመለስ መጠየቅ ጥሩ ነው። የመርመራው ዋጋ ስንት እንደ ሆነ፣ ባይሠራስ ይከፈል እንደ ሆነ አስቀድሞ ይነገር። ለተሠራው ሥራ ስንት ቀን ዋስ እንደሚሆን በደረሰኝ ላይ ይጻፍ፤ የሠላሳ ቀን የጽሑፍ ቃል ከአንድ ዓመት የአፍ ቃል ይበልጣል።

መለዋወጫውም ዓይነቱ ብዙ ነው። «ኦሪጅናል» የሚባለው ከፋብሪካው የመጣ ሊሆን ይችላል፤ ከሌላ ከተሰበረ ስልክ የወጣም ሊሆን ይችላል፤ በስሙ ብቻ ኦሪጅናል የሆነ ኮፒም ሊሆን ይችላል። በስክሪን ላይ ልዩነቱ ቶሎ ይታያል። ኦሌድ የተባለው ስክሪን የነበረው ስልክ በርካሹ ኤልሲዲ ሲተካ ጥቁሩ ቀለም ወደ ግራጫ ይሄዳል፤ ባትሪውም ቶሎ ያልቃል። ኮፒ መግዛት ኃጢአት አይደለም፤ ኃጢአቱ በኦሪጅናል ዋጋ መግዛት ነው።

ስልክን ለጠጋኝ መስጠት የቤትን ቁልፍ እንደ መስጠት መሆኑም አይዘንጋ። የሚቻል ከሆነ ሲም ካርዱንና ተጨማሪ ማስታወሻውን አውጥቶ መስጠት፣ የባንክና የቴሌብር የምስጢር ቁጥርን ለማንም አለመንገር፣ ስልኩም ከተመለሰ በኋላ መክፈቻውን መለወጥ ይገባል። ስልካቸው ሲበላሽ «በቴሌብር ያለው ገንዘቤ ጠፋ» ብለው የሚደነግጡ ሰዎች አይተናል። ገንዘቡ ያለው በስልኩ ዕቃ ውስጥ ሳይሆን በስልክ ቁጥሩ ሒሳብ ላይ ነው፤ ሲም ካርዱ ቢጠፋ እንኳ መታወቂያ ይዞ ቀርቦ በዚያው ቁጥር ምትክ ማውጣት ይቻላል።

ከዚህም በቀር እያንዳንዱ ስልክ 15 አኃዝ ያለው የራሱ መለያ ቁጥር አለው። *#06# ብለው ሲደውሉ በስክሪኑ ላይ ይወጣል። ይህን ቁጥር ከደረሰኙ ጋር በወረቀት ጽፎ ማስቀመጥ ለጥገናም፣ ለመድንም፣ ስልኩ ቢሰረቅ ለፖሊስም ይጠቅማል።

መጠገን ወይስ መግዛት?

የጥገናው ዋጋ ስልኩ ዛሬ በአሮጌነቱ ሊሸጥበት ከሚችለው ዋጋ ከግማሽ በታች ከሆነ መጠገን፣ ከግማሽ በላይ ከሆነ ግን ቆም ብሎ ማሰብ ጥሩ መለኪያ ነው። የሚታሰበው የተገዛበት ዋጋ ሳይሆን የዛሬው ዋጋ ነው። ደግሞም ፋብሪካው የደኅንነት ማሻሻያ መላክ ያቆመለት ስልክ፣ ዕቃው ቢጠገንም፣ የባንክ ሥራ ለሚሠራበት ሰው ዕድሜው እያጠረ መሄዱን መቁጠር ያስፈልጋል።

የስልክ ዕድሜ ደግሞ በተፈጥሮ ብቻ የሚወሰን አይደለም፤ ሠሪው አስቦ የሚወስነው ነገር ነው። የአውሮፓ ኅብረት ከሰኔ 13 ቀን 2017 ዓ.ም ጀምሮ በገበያው ለሚገቡ አዳዲስ ስልኮች ባወጣው ደንብ፣ ባትሪው 800 ጊዜ ከተሞላ በኋላ ቢያንስ 80 ከመቶ አቅም እንዲኖረው፣ አስፈላጊ መለዋወጫዎችም የስልኩ ሽያጭ ካቆመ በኋላ ለ7 ዓመት እንዲገኙ አዟል። እኛ ጋ ይህ ደንብ ባይሠራም፣ ስልክ ስንገዛ «ካሜራው ስንት ነው?» ከማለት ጋር «መለዋወጫው በከተማችን ይገኛል ወይ? ማሻሻያው እስከ ስንት ዓመት ነው?» ብሎ መጠየቅን ያስተምረናል።

ሕግስ ምን ይላል?

በአገራችን በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ሻጭ የሸጠው ዕቃ ከውሉ ጋር የሚስማማና ጉድለት የሌለበት ለመሆኑ ዋስ እንደሚሆን ይናገራል፤ ገዢም ዕቃውን መርምሮ ያገኘውን ጉድለት ሳይዘገይ እንዲያስታውቅ ያዛል። በ2006 ዓ.ም የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ደግሞ፣ ሸማቹ በገዛው ዕቃ ላይ ጉድለት ያገኘ እንደ ሆነ፣ በገዛ በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ዋጋው እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ሰጥቷል። የሁለቱም መንፈስ አንድ ነው፦ ሕግ የሚረዳው ደረሰኝ የያዘንና ቶሎ የተናገረን ነው።

ከውጭ አገር በዘመድ እጅ የሚመጣ ስልክ ግን ሌላ ጠባይ አለው። በአሜሪካ፣ በአውሮፓ ወይም በዓረብ አገሮች ያለ እህት ወይም ወንድም ገዝቶ የላከው ስልክ ዋስትናው በዚያው ባለ ሻጭ ላይ የተመሠረተ ነው፤ አንዳንዱም ፋብሪካ አገልግሎቱን ስልኩ በተሸጠበት አገር ብቻ ይወስናል። ስለዚህ ላኪው ስልኩን ብቻ ሳይሆን የደረሰኙን ፎቶግራፍም አብሮ ይላክ፤ ስልኩም በአንድ የቴሌፎን ኩባንያ ያልተቆለፈ መሆኑን ከመግዛቱ በፊት ያረጋግጥ።

መድን የሚገባው መቼ ነው?

ልጁ ስልኩ ከዳነ በኋላ «ጋሼ፣ አሁን ኢንሹራንስ ልግባለት?» አለን። እኛም «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ብለን ሳቅን። መድን የሚገባው ገና ላልደረሰ አደጋ ነው። የታመመ ስልክ ይዞ ቀርቦ «አስታምሙልኝ» የሚል ሰው መድን አያገኝም፤ ሕመሙን ደብቆ ቢገባም ውሉ ይፈርስበታል።

ብዙዎች ዋስትናንና መድንን አንድ ያደርጓቸዋል። ዋስትና የፋብሪካውን ስሕተት ይሸፍናል፤ መድን ድንገተኛ አደጋን፣ ማለት መውደቅን፣ መሰበርን፣ በውሉ ከተጻፈም ስርቆትን ይሸፍናል። እርጅናን ግን ሁለቱም አይሸፍኑም። የልጁ ስልክ በአሥራ አራተኛው ወር የደረሰበት የባትሪ እብጠት በተራው መድን አይከፈልም ነበር።

በአገራችን የመድን ሥራ አዲስ አይደለም። የግል ኩባንያዎቹ ከተወረሱ በኋላ በ1968 ዓ.ም የኢትዮጵያ መድን ድርጅት ተቋቋመ፤ በ1986 ዓ.ም ደግሞ የግል ኩባንያዎች እንደገና እንዲሠሩ ተፈቀደ። ይሁን እንጂ አብዛኛው ሰው መድንን የሚያውቀው በመኪና ሦስተኛ ወገን ነው። ለስልኩ መድን የሚፈልግ ሰው ወደ ኩባንያ ቀርቦ ሊጠይቃቸው የሚገቡት ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው፦ ስርቆትን ይሸፍናል ወይ? ከጉዳቱ ራሴ የምከፍለው ስንት ነው? ስልኩ ባረጀ ቁጥር ስንት ይቀነስብኛል? ያገለገለ ስልክ ይቀበላል ወይ? ጥገናው የት ይሠራል?

በሌላ አገር ያለው ልማድም ያስተምራል። አፕል በአሜሪካ ለሚሸጠው የጥበቃ ውል ገዢው ስልኩን በገዛ በ60 ቀን ውስጥ እንዲገባ ይጠይቅ ነበር። በ2024 እ.ኤ.አ የውሉ አባል የሆነ ሰው ስክሪኑ ሲሰበር 29 ዶላር፣ ለሌላ አደጋ 99 ዶላር ራሱ ይከፍል ነበር። ይህም አረቦኑን ከከፈለ በኋላ ነው። እንግዲህ መድን ማለት ሁሉን ነገር በነፃ ማግኘት አይደለም።

ለምሳሌ ያህል እንቁጠር፤ ቁጥሩ ለመማሪያ የተወሰደ እንጂ የማንም ኩባንያ ተመን አይደለም። 20,000 ብር የተገዛ ስልክ በዓመት 1,600 ብር አረቦን ይከፈልበታል እንበል። አደጋ ሲደርስ ባለስልኩ የመጀመሪያውን 2,000 ብር ራሱ ይከፍላል። በሦስት ዓመት ውስጥ አንድ ጊዜ ስክሪኑ ቢሰበርና ጥገናው 5,000 ብር ቢሆን፣ መድኑ 3,000 ብር ይሰጠዋል። እርሱ ግን በሦስት ዓመት 4,800 ብር ከፍሏል። ስለዚህ ለስክሪን ብቻ መድን መግባት ኪሳራ ነው። ስልኩ በሙሉ ቢሰረቅና ውሉ ስርቆትን የሚሸፍን ቢሆን ግን ሒሳቡ ይገለበጣል። ከዚህ የሚወጣው ደንብ፦ ልትሸከመው ለምትችለው ጉዳት ቆጥብ፤ ልትሸከመው ለማትችለው ጉዳት መድን ግባ።

ለአብዛኛው ተማሪና ጀማሪ ሠራተኛ፣ ይልቁንም ዋስትናው ያለፈ ስልክ ለያዘው፣ የሚሻለው የራስ መድን ነው። በዓመት ይከፈል የነበረውን 1,600 ብር ለአሥራ ሁለት ወር ቢያካፍለው በወር ከ135 ብር አይበልጥም። ይህን በየወሩ ለብቻው ቢያስቀምጥ፣ ምንም አደጋ ባይደርስ ገንዘቡ የራሱ ሆኖ ይቀራል።

ደግሞም እኛ ከማንም ሳንማር የመድንን ምስጢር የምናውቅ ሕዝብ ነን። እድር ምንድን ነው? ሁሉ በየወሩ ጥቂት ያዋጣል፤ ሐዘን የደረሰበት ይረዳበታል። በአንድ መሥሪያ ቤት ያሉ ስምንት ባልደረቦች በወር 150 ብር ቢያዋጡ በዓመት 14,400 ብር ይሆናል። ስልኩ የተሰበረበት የጥገና ደረሰኝ አምጥቶ ግማሹን ቢወስድ፣ የተረፈው ለሚቀጥለው ዓመት ቢተላለፍ፣ ማን ይጎዳል? ደንቡ በጽሑፍ ይሁን እንጂ ነገሩ ቀላል ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የለምን?

ከሁሉ በፊት የሚጠገነው

ይህን ሁሉ ከተናገርን በኋላ አንድ ነገር ይቀረናል። ጠጋኝም ሆነ መድን ሰጪ ስልክን ይመልሱ ይሆናል፤ በውስጡ የነበረውን ግን መድን ሰጪ ከቶ ሊመልስ አይችልም፤ ጠጋኝም ዋስ አይሆንበትም። የተሰበረ መስታወት ዋጋ አለው፤ ወደ ጋሞ የተመለሱት ሽማግሌ ቃል ግን በገበያ አይገኝም።

በዚያ ቀን ማታ ልጁ የገለበጠውን ድምፅ በቤታችን ከፍቶ አሰማን። ሽማግሌው በእርጋታ ይናገራሉ፤ ከኋላቸው የመወርወሪያው ድምፅ ወዲያና ወዲህ ይመላለሳል። ለመጀመሪያ ጊዜ ድርና ማግ ያስያዟቸው አባታቸው መሆናቸውን፣ የመጀመሪያውን ጋቢ ሸጠው ምን እንደ ገዙበት ይተርካሉ። ልጁ ይህን ሁሉ በሦስት ወር ሰብስቦ፣ አንድ ጊዜ እንኳ ወደ ሌላ ቦታ ሳይገለብጠው፣ ባበጠ ባትሪ ላይ አስቀምጦት ኖሯል። አሁን አንዱን ቅጂ በኮምፒዩተር፣ አንዱን በፍላሽ፣ አንዱን በኢንተርኔት ማስቀመጫ አድርጓል። ፍላሹ ያለው በእኛ መሳቢያ ውስጥ ነው።

አንባቢዎቻችንም ይህን ጋዜጣ አጥፈው ሳያስቀምጡ ስልካቸውን ገልብጠው ጀርባውን ይዩት፤ ክዳኑ ከፍ ብሎ እንደ ሆነ ነገ ሳይሉ ዛሬ ያጥፉት። ደህና ከሆነም፣ ዛሬ እሑድ ነውና ጊዜ አለ፤ ሊያጡት የማይፈልጉትን አስቀድመው ይገልብጡ።